ዌስ የጫረው ዱባ

ኮሪን ለባሏ «ለልጆቹ ብዬ ነው» ያለችው ውሸቷን ነው። ልጆቹ ዘንድሮ እንኳን የእርሻ በዓል፣ ደጃፋቸው ላይ ሰርከስ ቢተከል ብቅ ብለው የሚያዩበት ልብ የላቸውም። የምትሄደው ለራሷ ነው። አንድ ዱባ ፈልጋ ነው። ይህን ደግሞ ለባሏም፣ ለእናቷም፣ ለፓስተሩም ትንፍሽ አላለችም።

ባሏ ዳሪል ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ የሥራ ጫማውን ያስራል። ቅዳሜ ነው፤ ግን ጥቅምት ላይ የሚሠራበት እህል ማከማቻ ቅዳሜ ብሎ ነገር አያውቅም፤ በቆሎ የጫነ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ተሰልፎ ይውላል።

«ዘንድሮ ቢቀርስ?» አላት፣ ከጫማው ላይ ቀና ሳይል።

«ጉስ ትራክተር ላይ መውጣት ይፈልጋል።»

«ጉስ እንዲህ አለ?»

«አራት ዓመቱ ነው ዳሪል። ትራክተር የማይፈልግ የአራት ዓመት ልጅ አይተህ ታውቃለህ?»

«እሺ፤ እንዳልሽ» ብሎ ወጣ። ከነሐሴ ወዲህ ለሚስቱ የቀረችው ቃል ይህችው «እንዳልሽ» ናት። ሌላው ሁሉ አልቆበታል።

ነሐሴ ላይ የሆነውን አንዴ ልናገረውና ልገላገል። የዳሪል አባት ቤት ጀርባ ኩሬ አለ። እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ሥጋ ይጠበሳል፣ ዘመድ አዝማዱ ይሳሳቃል። ኮሪን ልጃቸውን ዌስን አባቱ እያየው መሰላት። ዳሪል እናቱ እያየችው መሰለው። ሁለቱም አላዩትም። በቃ፣ ይኸው ነው። ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ «አንተ ነህ»፣ «አንቺ ነሽ» ተባብለው አያውቁም። ምነው በተባባሉ! ምነው ሳህን በተወራወሩ! ትንሽ ነገር ይወጣላቸው ነበር። እነሱ ግን አንድ አልጋ ላይ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እያዳመጠ ነው የሚነጋላቸው።

እኛም ብንሆን አልረዳናቸውም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። የኛ የኦሃዮ ገጠር ሰው ሐዘን ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ምግብ መሸከም። ማካሮኒ በአይብ፣ ድንች በክሬም፣ ዶሮ በሩዝ ጋግሮ፣ በፎይል ሸፍኖ፣ በር ላይ አስቀምጦ፣ ደወሉን ተጭኖ ወደ መኪናው መፈትለክ! የኮሪን ማቀዝቀዣ ሞልቶ ተረፈ። የልጁን ስም ግን አንድም ሰው አልጠራም። ስሙን ብንጠራው ሴትየዋ እዚያው ክው ብላ የምትቀር ይመስለናል። ማን ጠየቃት? አንድ ሰው ብቻ ገበያ መሃል አስቁሟት «ዌስ እኮ እንዲህ ብሎኝ ነበር» ቢላት፣ እግሩ ላይ ወድቃ ትስመው ነበር። አላልናትም። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ስሙ ከአገሩ አፍ ጠፋ።

ኮሪን የሰፈሩ ልጅ ናት። ነርስ ልሁን ብላ ትምህርት ጀምራ፣ የመጀመሪያ ልጇን ታቢታን ስታረግዝ ተወችው፤ አልቆጫትም። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ቢጫውን የተማሪ አውቶቡስ መንዳት ነው። ድሮ እንዴት ያለች ሳቂታ ነበረች መሰላችሁ! ኋላ ወንበር ላይ የሚደባደብ ጎረምሳ ካየች ዞር ሳትል በመስታወቱ ታፈጥበትና፣ «ክሬግ! ሁለተኛ ብትነካው እዚህ መሪው ላይ አስሬህ፣ ጭንቅላትህን እንደ ጥሩምባ እየተጫንኩ ነው ትምህርት ቤት የማደርስህ!» ትለዋለች። አውቶቡሱ በሳቅ ይፈነዳል፤ ክሬግም ይስቃል። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው የመጀመሪያዋ ወንበር የዌስ ነበረች። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት ማንም ሳያዛቸው ልጆቹ ያቺን ወንበር ዘለሏት። ሦስት ሦስት ሆነው ይጣበባሉ እንጂ አይነኳትም። ኮሪን ያችን ባዶ ወንበር በመስታወቱ እያየች ትነዳለች። ክሬግ እንኳን አይደባደብም። አውቶቡሱ ሙሉ ልጅ ይዞ ጭጭ ይላል።

አሁን የዱባውን ነገር ላምጣ። የአርዲስ ኪስለር እርሻ ላይ በየሐምሌው አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። ዱባው ያን ጊዜ ገና አረንጓዴ፣ የልጅ ጡጫ የሚያክል ነው። አርዲስ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ብቻዋን ይዛ የቀረች አሮጊት፣ ለያንዳንዱ ልጅ ምስማር ትሰጠዋለች። «ቀስ ብላችሁ! ቆዳውን ብቻ! አንጀቱን ካወጣችሁት አያድግም!» እያለች በየመደቡ ትዞራለች። ልጁ ስሙን ይጭራል። ቁስሉ ይደርቅና ጠባሳ ይሆናል፤ ዱባው ሲያብጥ ጠባሳውም አብሮት ይለጠጣል። ጥቅምት ላይ በዓሉ ሲደርስ ልጆቹ ተሯሩጠው የየራሳቸውን ፈልገው ያገኛሉ፤ ጥፍር ያክል የነበረው ስማቸው ሰፍቶ ያፈጥባቸዋል። ከዚህ የበለጠ ልጅን የሚያስደስት ነገር እኔ አላውቅም።

ዌስም ዘንድሮ ጭሮ ነበር። ስሙ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ነው፤ የመጨረሻዋን ሁልጊዜ ገልብጦ ነው የሚጽፋት። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ አጥሩ ሥር ከነበረች አንዲት ዱባ ላይ ተደፍቶ ሲጭር እናቱ ከበላዩ ቆማ ነበር።

«ገለበጥካት እኮ» አለችው።

«እሷ ናት የተገለበጠችው» አላት፤ ቀናም አላለ።

መስከረም ላይ ኮሪን ተማሪዎቹን አድርሳ ባዶ አውቶቡስ ይዛ ስትመለስ በኪስለር እርሻ ጥግ አለፈች። እግሯ ራሱ ፍሬን ረገጠ። ወረደች። አጥሩ ሥር ቅጠሉን ገለጥ ብታደርግ፣ አለ። ልጇ የጻፋቸው ፊደሎች ሐምሌ ላይ የጥፍሩን ያክሉ ነበር፤ አሁን ጣቱን ያክላሉ። የተገለበጠችዋም እንደ ተገለበጠች አድጋለች። ልጁ መሬት ውስጥ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን እያደገ ነው። ኮሪን እዚያው ጭቃ ላይ ቁጭ አለች። አልነካችውም፤ ብነካው ያቆማል ብላ ፈራች። ቅጠሉን መልሳ አለበሰችውና ሄደች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ ሴት የኖረችው በዚያ ዱባ ነው። ጠዋት ስትነሳ፣ ዛሬ ትንሽ ጨምሯል ትላለች። ዝናብ ሲዘንብ፣ ጠጣ ትላለች። ምድር ቤቱ መደርደሪያ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ አዘጋጀችለት። ዱባ እንደሚበሰብስ ጠፍቷት አይደለም፤ ገበሬ አገር ያደገች ሴት ናት። ጥሩ ቢያዝ እስከ ገና ነው። እስከ ገና ይበቃኛል አለች። ከገና በኋላ ያለውን አላሰበችውም።

እንግዲህ ቅዳሜ ታቢንና ጉስን ይዛ ሄደች። ታቢ፣ ማለት ታቢታ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከነሐሴ ወዲህ ግን የቤቱ ባልቴት እሷ ሆናለች። የወንድሟን እጅ ጨብጣ ከመኪናው ወረደች። የእርሻው ደጅ በመኪና ተጨናንቋል፤ ዶናት ሲጠበስ ይሸታል፤ ከበቆሎው ማሳ ውስጥ፣ ለጨዋታ ከተቀየሰው ጠመዝማዛ መንገድ መውጫው የጠፋቸው ልጆች ይጮሃሉ። መግቢያው ላይ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ኮሪንን ሲያዩ ፊታቸው ሁሉ ተለዋወጠ።

«ኮሪን! ውይ፣ መጣሽ! አየሩ ግን ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል።»

«ነገ ይዘንባል አሉ እንጂ!»

«አዎ፣ አሉ።»

አንዷ የሌለ ነገር ፍለጋ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ፣ ኮሪን እስክታልፍ አልተነሳችም።

«እማ፣ መጀመሪያ በቆሎው ውስጥ እንግባ» አለች ታቢ። «ጉስ መጥፋት ይወዳል።»

«መጀመሪያ ዱባችሁን እንውሰድ።»

«እማ፣ ፍየሎቹ! ጉስ፣ ፍየሎቹን አታይም? ለእማ ንገራት!»

«ፍየል!» አለ ጉስ በታዛዥነት።

«ከዚያ በኋላ።»

«ዶናቱ ያልቃል እኮ እማ!»

«ታቢ፣ ምን ነካሽ? ዱባሽን አትፈልጊም?»

«ዱባው የትም አይሄድም» አለች ታቢ፤ ይህን ብላ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እናቷ አላየቻትም። የእናቷ ዓይን ያን ሰዓት ማሳው ላይ ነበር።

ትራክተሩ የሚጎትተው ጋሪ ላይ፣ ድርቆሽ ተቀምጠው ሄዱ። ጉስ በየጉድጓዱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ይስቃል፤ ወንድሙ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ኮሪን አልሰማችውም። ማሳው ጋ ሲደርሱ ልጆቹ እንደ ተፈታ ጥጃ ተበተኑ። «አገኘሁት! አገኘሁት!» «የኔን እዩልኝ፣ እንዴት ወፍሯል!» «ያንተማ ስምህ ተጣሞ አሳማ መስሏል!» ጉስም የራሱን አገኘ፤ ስሙን ሐምሌ ላይ የጫረችለት እናቱ ናት። ዱባው ላይ በሆዱ ተኝቶ አቀፈው።

«እማ፣ የኔ ነው? የኔ ብቻ ነው?»

«ያንተ ነው» አለችና ጥላው ወደ አጥሩ ሄደች።

ታቢ የራሷን ዱባ አልፈለገችም። ባለችበት ቆማ የእናቷን ጀርባ ታያለች።

አጥሩ ሥር ምንም የለም። ኮሪን መጀመሪያ ቦታው የተሳሳተባት መሰላት፤ ወደ ላይ ሄደች፣ ወደ ታች ተመለሰች። ቅጠሉ በውርጭ ጠውልጓል፤ ዱባ ቢኖር ከሩቅ ይታይ ነበር። ኋላ መሬቱ ላይ ክብ ነገር አየች፤ ዱባ የተቀመጠበት፣ ሣር ያልበቀለበት ገርጣ ያለ ቦታ። አጠገቡ ሐረጉ አለ፤ በቢላዋ ተቆርጧል።

ግን ሰው ተስፋ ካደረገ ጉድ ነው፣ ወዲያው ሌላ ነገር አሰበች። አስቀምጣልኝ ነው አለች። አርዲስ ናት፣ ከሰው ዓይን አርቃ ቤቷ አስገብታልኛለች። እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት! እንባዋ መጣ። ልጆቿን ሳትጠራ በእግሯ ወደ ጎተራው ሮጠች፤ ታቢ ጉስን በአንድ እጅ፣ ዱባውን በሌላው ክንዷ ይዛ ተከተለቻት።

አርዲስ ጎተራው በር ላይ ወንበር አውጥታ ለልጆች ከረጢት ታድላለች። ኮሪን እየሮጠች ስትመጣ ባየች ጊዜ ከረጢቶቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሚስስ ኪስለር፣ አስቀምጠውልኛል አይደል?» አለች ኮሪን፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ፈገግ ብላለች፤ ያቺን ፈገግታ ያየ ሰው አይረሳትም። «የዌስን። አጥሩ ሥር የነበረውን።»

የአርዲስ ዓይን አንዴ ከኮሪን ጀርባ ወደ ቆመችው ልጅ ሄዶ ተመለሰ።

«አነሳሁት ልጄ» አለች። «እንዳታዪው ብዬ።»

«አውቃለሁ! እግዜር ይስጥልኝ። የት ነው? ምድር ቤት ነው? አይነሱ፣ እኔ ራሴ አመጣዋለሁ።»

«ኮሪን...»

«ከባድም ቢሆን እችለዋለሁ።»

«ኮሪን፣ የኔ ልጅ፣ የለም። ለላሞቹ ጣልኩት።»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜ ከኮሪን አፍ የወጣውን ዓይነት ድምፅ ግን አልሰማሁም። ዶናት የሚጠብሰው ሰውዬ ሳይቀር መጥበሱን አቆመ።

«ማን አለሽ?» አለች። «አንቺ ማን ሆነሽ ነው? ምስማሩን የሰጠሽው አንቺ አይደለሽም? ጫር ያልሽው አንቺ አይደለሽም? የመጨረሻ ጽሕፈቱ ነበር! ሌላ የለኝም! ሌላ ያለኝ ነገር ሁሉ ባለበት ቆሟል፣ ጫማው ባለበት፣ ኮቱ ባለበት! ያ ብቻ ነበር የሚያድገው! ለላም? ለላም ሰጠሽው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች አርዲስ።

«አንቺ ልጅ ቀብረሽ ታውቂያለሽ?»

አርዲስ ልጅ ቀብራለች። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ኮሪንም ታውቃለች፣ በየእሑዱ በመቃብሩ አጠገብ አልፋ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትገባው። አሮጊቷ ግን «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ብቻ ነው» ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ዙሪያውን የቆምን ሰዎች ጫማችንን እናያለን። ወይ የኛ ነገር!

«እሷ አይደለችም!»

ታቢ ናት። የጉስን ዱባ መሬት አስቀምጣለች።

«ዝም በይ የኔ ቆንጆ» አለች አርዲስ በፍጥነት። «ሂጂ፣ ወንድምሽን ፍየሎቹን አሳዪው።»

«አይ! እሷ እኮ እምቢ ብላኝ ነበር! እማ፣ እኔ ነኝ። መስከረም ላይ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ስንወጣ ለመንኳት። አለቀስኩባት። አብረን ሄድን። እሷ ሐረጉን ቆረጠችው፣ ተሸክሜ የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ።»

ኮሪን ዞራ ልጇን አየቻት።

«ለምን?»

«ታያለሽ ብዬ ነው። ታዪውና ደግሞ ታለቅሻለሽ ብዬ።»

«ባለቅስስ? ባለቅስስ ምን አለበት? እናቱ አይደለሁም?»

«ስታለቅሺ ራት የለም» አለች ታቢ። ክፋት የላትም፤ የሚሆነውን ነው የነገረቻት። «ክፍልሽ ገብተሽ ትዘጊያለሽ፣ አባባ ደግሞ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ለጉስ የቁርስ ሲሪያል እሰጠዋለሁ። ወተት ሲያልቅ በውሃ አደርግለታለሁ፤ እሱ ግን በውሃ አይወደውም። ዛሬ ለአንድ ቀን ብቻ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው። ጉስ ትራክተር ላይ እንዲወጣ።»

እዚህ ላይ እናት ምን ማድረግ እንዳለባት ለማንም አይጠፋም። ለኮሪንም አልጠፋት። ተንበርከኪና ልጅሽን እቀፊያት የሚል ነገር ውስጧ ጮኸባት፤ ሰምታዋለች። እጇ ግን አልታዘዛትም። እጇ እንደ እንጨት ከጎኗ ተንጠልጥሎ ቀረ። ታቢ ደግሞ ትጠብቃለች። ምቺኝም፣ እቀፊኝም፣ የፈለግሽውን አድርጊ የሚል ፊት ነው ያላት። እናቲቱ አልመታቻትም፤ አላቀፈቻትም። አልፋት ወደ ላሞቹ በረት ሄደች።

በረቱ ውስጥ የተረፈ ዱባ ተደፍቷል፤ ላሞቹ ጭቃው ውስጥ ቆመው ያመነዥካሉ። ቢጫ ቢጫ ስብርባሪ በየቦታው ወድቋል። ኮሪን በአጥሩ አልፋ ገባች፤ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች፣ ገለበጠች፣ ጣለች፤ ሌላ አነሳች። የትናንትና የዛሬ ፍርፋሪ ነው። የዌስ ከተጣለ ሳምንታት አልፎታል። ይህንንም ታውቃለች፤ አውቃም እየለቀመች ጭቃውን ትጠርጋለች። አንድ ሰው «ኮሪን፣ ተይ በቃሽ» ሊላት ፈልጎ ነበር። እኔ ነኝ ያ ሰው። አላልኳትም።

ሲደክማት ቀና አለች። ልጆቿ አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ጉስ አውራ ጣቱን ይጠባል።

«አየሽው?» አለች ታቢን፣ ቀስ ብላ። «ከመጣሉ በፊት?»

«አየሁት።»

«ፊደሎቹ ምን ያክሉ ነበር?»

ታቢ አሰበች። ከዚያ ሁለት እጆቿን አንስታ አሳየቻት፤ አንድ ስንዝር አይሞላም።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«የመጨረሻዋስ?»

«እንደ ተገለበጠች ናት።»

ኮሪን የልጅቷን እጆች፣ በእጆቿ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ፣ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከበረቱ ወጣች። ጭቃዋን ሱሪዋ ላይ ጠረገች፤ ማንንም ሳትሰናበት ልጆቿን መኪና ውስጥ አስገባች። አርዲስ ከወንበሯ ተነስታ ነበር፤ ኮሪን ግን ዞር ብላ አላየቻትም።

ጉስ ዱባውን ታቅፎ ገና ዋናው መንገድ ላይ ሳይወጡ እንቅልፍ ወሰደው። ማሳው ሁሉ ታጭዷል፤ ግራም ቀኝም ቀሪ አገዳ ብቻ ነው።

«ታቢ፣ እስቲ እንደገና አሳዪኝ።»

ታቢ ከኋላ ወንበር እጆቿን አነሳች። አሁን ስንዝር ሞልቷል።

«እንዲህ ነበር?»

«አዎ። እንዲያውም ከዚህ ትንሽ ይበልጣል።»

«ይበልጣል?»

«ይበልጣል እማ። በጣም አድጎ ነበር።»

ኮሪን ትንፋሿን ለቀቀችው። ትንሽ ነዳች። ድልድዩን ተሻገሩ።

«አንዴ ደግሞ።»

ልጅቷ እጆቿን ከትከሻዋ አስፍታ ዘረጋቻቸው። እንዲህ ያለ ፊደል የሚይዝ ዱባ በኪስለር ማሳ ላይ በቅሎ አያውቅም፤ በኦሃዮም አልበቀለም። ታቢ ይህን ስታደርግ እጆቿን አይደለም የምታየው፤ በመስታወቱ የእናቷን ዓይን ነው የምትመለከተው፣ እንባ መጣ ወይስ አልመጣም ብላ። ኮሪን ልጇ መዋሸቷን አውቃለች። ለምን እንደምትዋሽም አውቃለች። የእኔ ልጅ፣ ይበቃል፣ እጅሽን አውርጂ፣ ራት እሠራልሻለሁ ማለት እንዳለባትም አውቃለች፤ ቃሉ እስከ ምላሷ ጫፍ መጥቶ ነበር።

«አንዴ ብቻ» አለቻት። «የመጨረሻ።»

ታቢ እጆቿን የቻለችውን ያህል፣ አንዱ በሩን፣ ሌላው የተኛውን ወንድሟን እስኪነካ ድረስ ዘረጋቻቸው፤ ቤት እስኪደርሱም አላወረደቻቸውም።